የደረቀው ማተብ

ቦናን ያገኙት ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከግቢዬ ወደ ታክሲው መንገድ በሚወርደው የድንጋይ ደረጃ ላይ ነው። ራሱ ወደ ታች፣ እግሩ ወደ ላይ። አንድ ጫማው ወልቆ አምስት ደረጃ ዝቅ ብሎ ቆሟል። ያገኘችው ሴት የሞተ መስሏት ሰፈሩን በጩኸት አናወጠችው። አልሞተም። ዓይኑ ሰማይ ያያል፣ አፉ ይናገራል። ከወገቡ በታች ግን ሰውዬው የለም። እግሩን ቢቆነጥጡት አያውቅም።

ከዚያ ሩብ ሰዓት ቀደም ብሎ እኔ ቤት ነበር።

ደሳለች እባላለሁ፤ ወጌሻ ነኝ። ቁስቋም ዳገት ላይ ተቀምጬ አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ የወለቀ መልሻለሁ፣ የተሰበረ አስሬአለሁ። ፊደል አልቆጠርኩም። የሰው አጥንት ግን ዓይኔን ጨፍኜ እቆጥራለሁ። እጄ ስም አለው። ከዚያ ስም ሌላ ሀብት የለኝም።

አራት ሰዓት ሳይሞላ ሰፈሩ ፈርዶ ጨርሷል። የቦና እናት ዓለሜ፣ ሠላሳ ዓመት አጥር ለአጥር የኖርን ሴት፣ ከሆስፒታል ተመልሳ በሬ ላይ ቆመች። በአማርኛ ሰደበችኝ፣ አልበቃ ሲላት በኦሮምኛ ደገመችው። ሁለቱንም እሰማለሁ።

«ልጄን ሰበርሽው! አንገቱን ጠምዝዘሽ ሽባ አደረግሽው!»

«አንገቱን አልነካሁም።»

«ራሱ ነው በአፉ የተናገረው! ልጄ ይዋሻል?»

ልጁ ለምን እንደዋሸብኝ ሊገባኝ አልቻለም።

ፖሊስ መጣ። ኢንስፔክተር ይገዙ ይሉታል፤ አርባን የዘለለ፣ ረጅም፣ ቀጭን ሰው። ፊቱን ከማየቴ በፊት ግራ ጉልበቱን አየሁት፤ ደረጃውን ሲወጣ ይጎትተዋል። ከአንድ ሳጅን ጋር ወደ ጣቢያው ወሰዱኝ፤ ሳጅኑ ይጽፋል፣ እሱ ይጠይቃል።

«እማማ፣ ልጁ ምን ብሎ መጣ?»

«ቀኝ ትከሻዬን አመመኝ፣ ሌሊቱን አላስተኛኝም ብሎ።»

«ከዚያ ምን አደረጉት?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ሸሚዝህን አውልቅ አልኩት፣ አወለቀ። ዳሰስኩት። አልወለቀም። አልተሰበረም። አላበጠም። ግን አጥንቱ ውስጥ ያለቅሳል። እንዲህ ያለ ሕመም እጄ አያውቅም። እጄ የማያውቀውን አላሽም። ሐኪም ቤት ውረድ፣ አሁኑኑ ውረድ ብዬ ሸኘሁት።»

ኢንስፔክተሩ ሳጅኑን አየ፤ ሳጅኑ ወረቀቱን አየ። አላመኑኝም። ወጌሻ ታማሚ መለሰች ሲባል ሰምተው አያውቁም መሰለኝ።

«ሌላ ያዩት ነገር አለ?»

«አለ። ጀርባው ዝንጉርጉር ነበር፤ እዚህም እዚያም ቀይና ወይን ጠጅ ሆኗል። የዓይኑ ነጭ ደም ለብሷል። በግንባሩ፣ በጉንጩና ካፍንጫው ሥር የዞረ ቀይ መስመር አለ፤ ሳህን ፊቱ ላይ ደፍተው የተጫኑት ይመስላል። ማን መታህ ብዬ ስጠይቀው ‹የጅቡቲ ሙቀት ነው እማማ› አለኝ።»

«ጅቡቲ ምን ያደርጋል?»

«ከወደብ መኪና ያስለቅቃል፤ ሥራው ነው። እሁድ አመሻሽ ነው በአውሮፕላን የገባው።»

«ተደብድቧል ማለት ነው» አለ ሳጅኑ፤ እስክሪብቶው ፈጠነ።

«ማተቡም ደርቋል» አልኩ።

«እ?»

«ማተቡ። እናቱ የገመደችው ሰማያዊ ሐር ነው፤ ለስላሳ ነበር። ሰኞ ግን አንገቱ ላይ እንደ ሽቦ ቆሟል። ጣቴን ቧጨረኝ።»

ሳጅኑ እስክሪብቶውን አሳረፈ።

«ይሄን አልጻፍክም» አልኩት።

«ማተብ ወንጀል አይሠራም እማማ» አለና ሳቀ። ወረቀቱን ገፋልኝ። «በሉ አውራ ጣትዎን እዚህ ጋ።»

«መጀመሪያ አንብብልኝ።»

አነበበ። «‹ትከሻውንና አንገቱን ከዳሰስኩ በኋላ›» ሲል አስቆምኩት።

«አንገቱን ማን አለህ?»

«ያው ነው፣ ትከሻና አንገት—»

«ላንተ ያው ነው። በትከሻ ሰው ሽባ አይሆንም፣ በአንገት ይሆናል። ሰርዝ።»

ኢንስፔክተር ይገዙ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ቀና ብሎ ያየኝ። «ሰርዝ» አለው። ተሰረዘ፤ ጣቴን አደረግሁ። በዋስ ለቀቁኝ። ሲሸኘኝ ግን «እማማ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ማንንም እንዳይነኩ» አለ።

ቤቴ ስደርስ ከእንጦጦ በኩል የመጣች ሴት ክንዷን አቅፋ በር ላይ ተቀምጣለች። ክርኗ ወልቋል፤ ከሩቅ ያስታውቃል። ሁለት ትንፋሽ የማይፈጅ ሥራ ነው። «አልችልም» አልኳት። በሕይወቴ ብዙ ሰው ሰድቤአለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ቃል አልመረረኝም።

ማክሰኞ ሳልጠራ ጣቢያው ሄድኩ። ከኢንስፔክተሩ ክፍል ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ግድግዳው ስስ ችፑድ ነው፤ ጆሮዬ ደግሞ ከጥርሴ የተሻለ ነው።

መጀመሪያ የገባው ኡርጌሳ ነው። በአጥር ድንበር ምክንያት ከቦና ጋር ሁለት ዓመት የተጣላ ጎረቤታችን። ባለፈው ወር «አንድ ቀን እሰብርሃለሁ» ሲለው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

«ሰኞ ጠዋት የት ነበርክ?» ይገዙ ነው።

«ዊንጌት። ተራ አስከባሪ ነኝ። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ታክሲ ሳሰልፍ ነበር።»

«ማን ያውቅልሃል?»

«ሰኞ ጠዋት ዊንጌት ሰልፍ የቆመ ሰው በሙሉ። ስሰድባቸው ነበር፣ አይረሱኝም።»

«ዱላስ ትይዛለህ?»

«እይዛለሁ። ለሚኒባስ ነው። ጌታዬ፣ እሰብርሃለሁ ያልኩት አጥሩን ነው። ማለቴ... እሱንም ብዬ ይሆናል። ግን ብሰብረው ለእናቱ እነግራት ነበር፣ ተደብቄ አላደርገውም።»

ሳጅኑ ስልክ መታ። ሦስት ሾፌሮች ኡርጌሳ ከቦታው እንዳልተነቃነቀ መሰከሩ፤ ሁለቱ ምነው ቢነቃነቅ ብለው ነበር። ለቀቁት። ሲወጣ አየኝና «እማማ ደሳለች፣ እኔንም እርስዎንም በአንድ ቀን? ሰፈሩ ሰው አለቀበት» አለኝ።

ቀጥሎ ኤርሚያስ ገባ። የቦና የሥራ ባልደረባ ነው፤ ጅቡቲ አብረው ሄደው አብረው ነው የተመለሱት። ጥቁር መነጽር አድርጓል። ኮሪደሩ ጨለማ ነው፤ በግድግዳው እየተመራ ገባ።

«እሁድን እንዴት አሳለፋችሁ?»

«ሆቴል። ሙቀቱ አያስወጣም። ኳስ ስናይ ዋልን፣ ምሳ በላን፣ ዘጠኝ ሰዓት በረርን።»

«ጠብ ነበር?»

«ከማን ጋር? እኔና ቦና ወንድማማች ነን።»

«ፊቱ ላይ ያለው ምልክትስ?»

«ትራስ ይሆናል። በሆዱ ነው የሚተኛ።»

ትራስ! እዚያው አግዳሚው ላይ ሆኜ ሳቅኩ። ሳቄ ውስጥ ድረስ ተሰማ።

ይገዙ ኤርሚያስን እዚያው ትቶ ወደ እኔ ወጣ። አጠገቤ ተቀመጠ፤ ጉልበቱን ዘረጋ።

«ሆስፒታል ቦናን አናግሬው ነበር» አለ። «‹ሙቀቱ አያስወጣም፣ ኳስ ስናይ ዋልን፣ ምሳ በላን፣ ዘጠኝ ሰዓት በረርን።› አንድ ቃል አልተዛነፈም። ሁለት ሰው ስለ አንድ ቀን እንዲህ አንድ ዓይነት አያወራም።»

«አጥንተውታል።»

«አጥንተውታል። ሐኪሞቹም ግራ ገብቷቸዋል። ተጠመዘዝኩ ስላለ አንገቱን ራጅ አነሱት፤ አንገቱ ምንም አልሆነም። ጀርባው ላይ ያለውም የዱላ አይደለም ይላሉ።» ከኪሱ ፖስታ አወጣ። «ለምርመራ ሲያስገቡት ማተቡን ቆርጠው ለእናቱ ሰጥተዋት ነበር። ትናንት ካሉኝ በኋላ ማታ ሲያሳስበኝ አደረ።»

እጄን ፖስታው ውስጥ ከተትኩ። አዎ፣ ሽቦ። እጥፋቱ ላይ ነጭ ነጭ ነገር አለ። አፌ ውስጥ አደረግሁት።

«እማማ! ማስረጃ እኮ ነው!»

«ጨው» አልኩት።

«ላብ ይሆናል።»

«የባሌን ማተብ ሠላሳ ዓመት አጥቤአለሁ። ላብ ያወይባል፣ ይሸታል፤ እንዲህ ነጭ ሆኖ አይቆምም። ይሄ ጨው ውስጥ ተነክሮ ፀሐይ ላይ የደረቀ ነው።»

«እሁድ ማታ ቤቱ ሲገባ አይታጠብም?»

«በምን? የኛ ሰፈር ውሃ ፈረቃው ማክሰኞና ዓርብ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ማተቡን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ አገላበጠው። «ጅቡቲ ያለው ውሃ ባሕር ነው» አለ ለራሱ።

«አይሆንም» አልኩ። ወዲያው ነው ያልኩት። «ቦና ውሃ አይገባም።»

ነገርኩት። ዓለሜ ሁለት ወንዶች ነበሯት። ትንሹ ኦልያድ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከጓደኞቹ ጋር ሊዋኝ ሄዶ ግድብ ውስጥ ሰጠመ። በሦስተኛው ቀን ነው ያገኙት። የዚያን ቀን ዓለሜ ቦናን አስከሬኑ አጠገብ አንበርክካ ከጉልበቱ በላይ ውሃ እንዳይገባ አስማለችው፤ ማተቡን ገምዳ አሰረችለት። ከዚያ ወዲህ ልጁ ገላውን እንኳ በጆግ ነው የሚታጠብ።

ይገዙ ተነሳ። በሩን ከፈተ። ኤርሚያስ እንደተቀመጠ ነው።

«አንተ ልጅ» አልኩት ከበሩ ላይ፣ «መነጽርህን አውልቅ።»

«ዓይኔን አሞኝ ነው እማማ—»

«እኔም ላየው ነው። አውልቅ።»

ኢንስፔክተሩ አልከለከለኝም። ኤርሚያስ አወለቀ። የዓይኑ ነጭ ቀልቷል። በግንባሩ፣ በጉንጩ፣ ካፍንጫው ሥር ያው መስመር ዞሯል፤ ከቦናው የደበዘዘ፣ ግን ያው።

«ትራሳችሁ አንድ ነበር?» አለው ይገዙ።

ኤርሚያስ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። ሲናገር ከጣቶቹ መሃል ነበር።

«ጠልቀን ነው።»

«የት?»

«ባሕር። እሁድ ጠዋት በጀልባ ወጣን። እኔ የመጀመሪያዬ ነው፤ እሱ አራተኛ ጉዞው ነው። ሥልጠና ወስዷል፣ ወረቀት ሁሉ አለው። አንድ ዓመት ሙሉ፣ መኪና ለማስለቀቅ በሄድን ቁጥር... ማንም አያውቅም። ጀርባህ ላይ የአየር ሲሊንደር ያስሩብሃል፣ ወገብህ ላይ ክብደት፣ ፊትህ ላይ የሚጣበቅ መነጽር። በአፍህ ብቻ ነው የምትተነፍሰው። መሪው ማንኛውንም የአንገት ነገር አውልቁ አለ። ቦና ማተቡን ይዞ ‹ይሄ አይወልቅም› አለው። ተከራከሩ፤ መጨረሻ ላይ ልብሱ ሥር ከተተው።»

«ከዚያስ?»

«እኔ ትንሽ እንደወረድኩ ጆሮዬ ሊፈነዳ ሆነ፤ መነጽሩ ዓይኔን መጠጠኝ። ወጣሁ። ጀልባ ላይ ተኝቼ ዋልኩ። እሱ ወረደ፣ ወጣ፣ ብርቱካን በላ፣ እንደገና ወረደ። ሁለተኛው በጣም ቆየ። ሲወጣ አያወራም።»

«ማንም ያስጠነቀቃችሁ የለም?»

ኤርሚያስ እጁን ከፊቱ አወረደ። «መሪው ነግሮናል። ‹የጠለቀ ሰው እስከ ነገ ማታ አውሮፕላን እንዳይሳፈር› አለ። ቦና ፈረመ። ‹ቲኬቱን እናዘዋውር› አልኩት፤ ‹ለእናቴ ምን ብዬ? ዛሬ ማታ ትጠብቀኛለች› አለኝ። ከጀልባ ወደ ኤርፖርት ነው የሄድነው።»

«ሰኞስ ለምን ዝም አልክ? ሰው ሽባ ሆኖ?»

«ከአልጋው ደወለልኝ። ‹ብትናገር ወንድሜ አይደለህም› አለኝ።» ወደ እኔ ዞረ። «እማማ፣ ስምዎን እንደሚጠራ አላወቅሁም ነበር።»

«አሁን አውቀሃል» አልኩት።

ይገዙ ስልኩን አንስቶ ሐኪሙን አነጋገረው። ንግግሩ አጭር ነበር። ሲዘጋ ፊቱ ሌላ ነበር።

«ለስላሳ ጠርሙስ ሲከፈት አረፋው ግልብጥ ብሎ ይወጣ የለ? ያ ነው የሆነው ይላል። ጥልቅ ውሃ ውስጥ የተነፈሰው አየር ደሙ ውስጥ ታምቆ ነበር። ቀስ ብሎ እንዲወጣ ጊዜ መስጠት ሲገባው አውሮፕላን ላይ ወጣ፤ አውሮፕላኑ ደግሞ ያወረደው እዚህ ከፍታ ላይ ነው። አረፋው መጀመሪያ ትከሻው ውስጥ ገባ። ቀጥሎ አከርካሪው።»

«ይድናል?»

«ትናንት ቢናገር ይሻል ነበር አለ። እያንዳንዱ ሰዓት ከእግሩ ላይ ነው የሚቀነሰው። ኦክስጅን አሁኑኑ ይጀምሩለታል።» ኮፍያውን አነሳ። «እማማ፣ ይምጡ።»

መኪናው በጳውሎስ በኩል አለፈ። ልጁ እግሩን የሸጠው እናቱ ፊት ላለማፈር ነው፤ ስሜንም አብሮ ሸጠው። የትኛው ይበልጥ እንዳናደደኝ እግዜር ይወቅ።

ሆስፒታል ስንደርስ ቦና በጀርባው ተኝቷል፤ የኦክስጅኑን ጭምብል አንዲት ነርስ ፊቱ ላይ እያስተካከለች ነው። ዓለሜ እግርጌ ተቀምጣ የማይሰማ እግሩን ታሻለች። ስታየኝ ብድግ አለች።

«ይቺን ሴት ማን አስገባት?»

«እኔ ነኝ» አለ ይገዙ። ፖስታውን አወጣና ማተቡን አንሶላው ላይ አስቀመጠው።

ቦና ማተቡን አየ። ከዚያ እኔን አየ። ልጁን እትብቱ ከተቆረጠ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በስድስት ዓመቱ ከዛፍ ወድቆ ክንዱን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ዓይኑ ይለምነኛል። እንዳትነግሪያት ይለኛል።

«እኔን አትይ» አልኩት። «አንተ ንገራት። እስከ ሦስት ቆጥሬ ዝም ካልክ እኔ እነግራታለሁ፤ እኔ ደግሞ ማለዘብ አላውቅም።»

«ምኑን?» አለች ዓለሜ። «ምኑን ነው የሚነግረኝ?»

«አንድ» አልኩ።

ጭምብሉን በእጁ ገፋው። «እማማ ደሳለች አንገቴን አልነካችም» አለ። «ሐኪም ቤት ሂድ ነው ያለችኝ።»

«ታዲያ ማን ነው የነካህ?»

«ማንም።» እናቱን በልጅነቱ አጠራር ጠራት። «እዬ፣ ባሕር ገብቻለሁ።»

ዓለሜ አልጮኸችም። እኔ የጠበቅሁት ጩኸት ነበር፤ ነርሷም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላለች።

«ኦልያድን ሦስት ቀን ስንፈልገው» አለ ቦና፣ «በየሌሊቱ ይጮኽብኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ውሃ ውስጥ ሆኖ ይጠራኛል። ታች ምን እንዳለ ማወቅ ነበረብኝ። ወረድኩ። ድምፅ የለም እዬ። ምንም ድምፅ የለም። ጸጥ ያለ ነው። የራስህ ትንፋሽ ብቻ ነው። አልጮኸም ማለት ነው።»

ዓለሜ ማተቡን ከአንሶላው ላይ አነሳች። በሁለት ጣቷ አሸችው፤ ጨዉ እንደ ዱቄት ረገፈ። ጥግ ላይ ወዳለው የእጅ መታጠቢያ ሄደች፣ ቧንቧውን ከፈተች፣ አጠበችው። ጨመቀችው። እንደገና አጠበችው። ተመልሳ እርጥቡን አንገቱ ላይ አሰረችለት፤ የተቆረጠው ስላጠረ ቋጠሮው ጉሮሮው ሥር ሆነ።

«ጭምብልህን አድርግ» አለችው።

በአጠገቤ አልፋ ስትወጣ ዓይኔን አላየችም።

ይገዙ መዝገቡን ዘጋው። ቤቴ ሲያደርሰኝ «ከአሁን በኋላ መሥራት ይችላሉ» አለኝ። ወረቀቱ ፈቅዷል፤ ሰፈሩ ግን ወረቀት አያነብም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሬን የረገጠ ሰው የለም፣ ከሱ በቀር። ጉልበቱን ይዞ መጣ። የቆየ ጅማት ነው፤ በአራት ቀን አስተካከልኩለት።

በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ ውሃ የሚመጣበት ቀን፣ ዓለሜ ከመሸ መጥታ በሩን በቀስታ አንኳኳች።

«የቀኝ እግሩ ጣቶች ተንቀሳቀሱ» አለች ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ። «ሐኪሙ በየቀኑ ይታሽ ብሏል። እኔ አልችልበትም። ደሳለች... እጅሽ ያስፈልገኛል።»

«ስትከሺኝ ስንት ሰዓት ነበር?»

«እ?»

«ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ነበር። ሂጂና በዚያው ሰዓት ነይ።»

በሩን ዘጋሁባት።

ዓርብ ውሃ መጣ። አራት ሰዓት ላይ ቦኖው ጋ ጀሪካኑ ከታክሲው መንገድ እስከ ደረጃው ድረስ ተሰልፏል። እኔ ግቢዬ ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። ዓለሜ ሰልፉን አቋርጣ መጣች፣ በሬ ላይ፣ ያኔ የቆመችበት ላይ ቆመች። በአማርኛ ጮኸች፣ ከዚያ በኦሮምኛ ደገመችው።

«ደሳለች! ሐሰት ነው የተናገርኩብሽ! የልጄን እግር እንድታሺልኝ ልለምንሽ መጣሁ!»

ጀሪካን የሚሞላው ውሃ ድምፅ ብቻ ቀረ። ኡርጌሳ ከሰልፉ ውስጥ «እሰይ» ሲል ሰማሁት።

ነጠላዬን አገለደምኩ፣ ቅቤዬን ይዤ ወጣሁ።

«ለምን ትጮኺያለሽ?» አልኳት። «ጆሮዬ ደህና ነው። ምሪኝ።»